ጎረቤትም ያው መክፈቻ አለው

ቤት የተከራየ ወይም ኮንዶሚኒየም የደረሰው ሰው ቀለም ሳያስቀባ፣ መጋረጃ ሳይሰቅል መጀመሪያ የሚያስበው ምንድን ነው? ቁልፍ መቀየር! የቀድሞው ተከራይ አስቀርጾ ለማን ለማን እንደሰጠ ማን ያውቃል? ደላላውስ? በሩን የገጠመው ሰውዬስ? በዚህ ጉዳይ እኛ አዲስ አበቤዎች ቀልድ አናውቅም። ቁልፍ ቀራጩ ዘንድ ሄደን፣ የማሽኑን ጩኸት እየሰማን ሥራው እስኪያልቅ ዓይናችንን አንነቅልም፤ አንድ ትርፍ ቀርጾ ኪሱ ቢከትስ?

(በነገራችን ላይ አማርኛችን በሩ ላይ የሚገጠመውንም ኪስ የሚገባውንም «ቁልፍ» እያለ ያደናግራል። ለዛሬ በሩ ላይ ያለውን «ቁልፍ»፣ ኪስ ውስጥ ያለውን «መክፈቻ» እንበልና እንቀጥል። ዓመቶቹም ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

እና እንዲህ ባለ ጥርጣሬ ያደግን ሰዎች የአሜሪካኖቹን የአርቪ ነገር ስንሰማ አፋችንን ይዘን ቀረን። አርቪ ማለት አልጋ፣ ምድጃ፣ ፍሪጅና መጸዳጃ ያለው ተሽከርካሪ ቤት ነው። አንዳንዱ የራሱ ሞተር አለው፤ አንዳንዱ ደግሞ እንደ ከባድ መኪና ተሳቢ በሌላ መኪና ይጎተታል። በ2021 ዘርፉ ራሱ ያስጠናው ጥናት እንደሚለው በአሜሪካ ከ11 ሚሊዮን በላይ ቤተሰቦች አርቪ አላቸው። ታዲያ በዚህ ቤት ጎንና ጎን መሣሪያ፣ ወንበር፣ ጄኔሬተር የሚቀመጥባቸው ትንንሽ በሮች አሉ። ለበርካታ አሥርት ዓመታት ከልዩ ልዩ ፋብሪካዎች የወጡ የእነዚህ በሮች ቁልፎች በብዛት የሚከፈቱት በአንድ ዓይነት መክፈቻ ነው። መክፈቻው ላይ «ሲኤች 751» የሚል ቁጥር ተቀርጿል። ያንተ የጎረቤትህን ይከፍታል፤ የጎረቤትህ ያንተን ይከፍታል። ከጠፋብህ አትጨነቅ፣ በጥቂት ዶላር ሌላ ትገዛለህ። ሌባውም እንደዚሁ!

ቁልፍ መሥራት የማያውቅ አገር ነው እንዳንል ደግሞ በቁልፍ ታሪክ ውስጥ ትልቁን ቅሌት የፈጠረው አሜሪካዊ ነው። ይህችን ታሪክ ሳንነግራችሁ ብናልፍ ይቆጨናል።

እንግሊዛዊው ጆሴፍ ብራማ በ1784 የባለቤትነት መብት ያገኘበትን ቁልፍ ሠራ። ድርጅቱ ለንደን ፒካዲሊ በሚገኘው ሱቁ መስኮት ላይ አንድ ጓጉንቸር አስቀምጦ፣ ይህን ያለ መክፈቻው ለከፈተ 200 ጊኒ እንሸልማለን የሚል ማስታወቂያ ለጠፈበት። ጓጉንቸሩ ለአሥርት ዓመታት ሳይደፈር ተቀመጠ። በ1817 ደግሞ የፖርትስመዝ የባሕር ኃይል ወደብ በሐሰተኛ መክፈቻ ተዘረፈና የእንግሊዝ መንግሥት ከራሱ መክፈቻ በቀር በሌላ የማይከፈት ቁልፍ ለሚሠራ ሽልማት አዘጋጀ። ጄሪማያ ቸብ የተባለ ሰው በ1818 አንዱን ይዞ ቀረበ። የቸብ ቁልፍ ጉድ ነው፤ ሌባ ሲጎረጉረው ይነክስና በእውነተኛው መክፈቻም ቢሆን ወዲያው አልከፈትም ይላል። ባለቤቱ በዚህ ሰው እንደነካበት ያውቃል ማለት ነው። እንግሊዞች በሁለቱ ቁልፎች ተማምነው ተኙ።

በ1851 ለንደን ላይ ታላቁ ኤግዚቢሽን ሲከፈት አልፍሬድ ቻርልስ ሆብስ የተባለ አሜሪካዊ የኒውዮርክ ድርጅቱን ቁልፍ ሊያሻሽጥ መጣ። ሆብስ የራሱን ከማሞገስ ይልቅ የሌላውን መክፈት ያውቅበታል። በሰዎች ፊት የቸብን ቁልፍ በ25 ደቂቃ ያህል ከፈተው። ለዚያውም ሌባ ማጋለጫ የተባለችውን ዘዴ ለራሱ መርጃ አድርጎ! ቀጥሎ ወደ ብራማ ሄደ። በ16 ቀናት ውስጥ በድምሩ 51 ሰዓት ያህል ተጎንብሶ ሲጎረጉር ከርሞ ያ ኩሩ ጓጉንቸር ተከፈተ፤ 200 ጊኒውንም ወሰደ። ጋዜጦች ጮኹ፣ አገር ታወከ።

ለእኛ ግን ከመክፈቱ ይልቅ የተከተለው ክርክር ይበልጣል። ብዙዎች ሆብስን ሌባ አስተማርክ ብለው ወቀሱት። የእሱ መልስ አጭር ነበረች፤ ሌቦች በሥራቸው የሠለጠኑ ናቸው፣ እኛ ልናስተምራቸው ከምንችለው በላይ ድሮም ያውቃሉ፣ የማያውቀው ገንዘቡን የሚከፍለው ባለንብረት ነው። ይህች መልስ ከመቶ ዓመት በላይ ተጉዛ አርቪ ጓሮ ድረስ ስትደርስ እናያታለን።

ከሆብስ በኋላ ነገሮች ፈጠኑ። ሌላው አሜሪካዊ ሊነስ ዬል (ልጁ) በ1861 እና በ1865 ባስመዘገባቸው ፈጠራዎች ዛሬ አብዛኞቻችን ቤት በር ላይ ያለውን ዓይነት ቁልፍ አመጣ። ውስጡ በሞላ የሚገፉ ትንንሽ የብረት ዘንጎች ተሰልፈዋል፤ የመክፈቻው ጥርሶች ሁሉንም በልካቸው ሲያነሷቸው ቁልፉ ይዞራል። ሐሳቡ እንኳ ከጥንታዊቷ ግብፅ ጋር ስሙ ከሚነሣው የእንጨት ቁልፍ የመጣ ነው። ከዚህ ጎን ለጎን ረከስ ያለ ዘመድ ተወለደ፤ በ1868 ፊሎ ፌልተር የተባለ ሰው በዘንግ ፋንታ ስስ የብረት ቅጠሎች ያሉትን ቁልፍ አስመዘገበ። ትንሽ ነው፣ ቀላል ነው፣ በርካሽ ይመረታል። ለጠረጴዛ መሳቢያና ለቢሮ ቁምሳጥን ተስማሚ። የእኛው ሲኤች 751 የዚህ ቤተሰብ ልጅ ነው። እንግዲህ አሜሪካኖቹ ጥሩውንም ርካሹንም ያውቁ ነበር፤ ለተሽከርካሪው ቤት የመሳቢያውን መረጡለት።

ለምን? አንደኛው ምክንያት ተሽከርካሪው ቤት ሲወለድ ለዕረፍት እንጂ ለኑሮ አለመታሰቡ ነው። በ1910 ፒርስ አሮው የተባለው የመኪና ፋብሪካ መኝታና ማጠቢያ ያለውን መኪናውን ኒውዮርክ ላይ ሲያሳይ ገዢዎቹ ሀብታሞች ነበሩ። በ1919 ግን ታምፓ፣ ፍሎሪዳ ውስጥ ራሳቸውን «የቆርቆሮ ጣሳ ቱሪስቶች» ያሉ ተራ ሰዎች ተሰባስበው ማኅበር መሠረቱ። ጣሳ የሚሉት በየመንገዱ የታሸገ ምግብ ስለሚበሉ ነው። እነዚህ ሰዎች ድንኳናቸውን ጎን ለጎን ተክለው፣ አብረው በልተው፣ አብረው ዘፍነው የሚያድሩ ነበሩ። በእንዲህ ያለ ሰፈር ዋናው ቁልፍ ጎረቤት ነው። እኛስ ድሮ በር ገርበብ አድርገን ጎረቤት ቡና እንጠጣ አልነበር?

የዚህ መንፈስ ጫፉ የታየው ደግሞ በእኛው አገር መሬት ላይ ነው። የሚያብረቀርቁትን የአሉሚኒየም ተሳቢ ቤቶች የሚሠራው የኤርስትሪም መሥራች ዋሊ ባያም በ1959 ወደ 40 የሚጠጉ ተሳቢዎችን አስከትሎ ከኬፕታውን ወደ ካይሮ ጉዞ ጀመረ። ከኬንያ ተሻግረው ኢትዮጵያ ገቡ፤ አፄ ኃይለ ሥላሴም ተቀብለው አነጋገሯቸው። በ1960 ግብፅ ሲደርሱ ከፒራሚዶቹ አጠገብ ተሳቢዎቻቸውን እንደ ጋሪ ጎማ ክብ ሠርተው አቆሙ። ፎቶው ዛሬም ዝነኛ ነው። ያንን ክብ ያየ ሰው የበሮቹ ቁልፍ ስንት ጥርስ አለው ብሎ አይጠይቅም። መሀል ገብቶ የሚሰርቅ ማን ነው?

ሁለተኛው ምክንያት ግን ፍቅር ሳይሆን ሒሳብ ነው። በ1966 አዮዋ ውስጥ ዊኒቤጎ ሞተር ያላቸውን ቤቶች እንደ መኪና በተርታ እየገጣጠመ በረከሰ ዋጋ ማውጣት ጀመረ። ኤልክሃርት የተባለች የኢንዲያና ከተማና አካባቢዋ የዘርፉ መዲና ሆኑ። በተርታ የሚገጣጥም ፋብሪካ ለእያንዳንዱ በር የተለየ መክፈቻ ከያዘ ሥራ ይበዛበታል፤ የትኛው መክፈቻ የትኛው ቤት ነው ሲል ይውላል። ሁሉም አንድ ዓይነት ከሆነ ግን ቁልፉን በካርቶን ይገዛል፣ ሠራተኛው ይገጥማል፣ አለቀ። ሻጩም ግቢው ውስጥ የተደረደሩትን ሁሉ በአንዲት መክፈቻ ከፍቶ ለደንበኛ ያሳያል። ጥገና ቤቱም ደስ ይለዋል። ሁሉም ደስ ይለዋል… ከባለቤቱ በቀር፤ እሱ ደግሞ አያውቅም።

እዚህ ላይ ቀልዱን ቆም እናድርገው። ከ2008ቱ የኢኮኖሚ ቀውስ በኋላ ቤታቸውን ያጡ፣ ጡረታቸው የማይበቃቸው ብዙ አሜሪካውያን ተሽከርካሪ ቤት ውስጥ መኖር ጀመሩ። በ2017 የወጣው የጄሲካ ብሩደር «ኖማድላንድ» ስለ እነሱ ነው፤ ፊልሙ በ2021 የዓመቱ ምርጥ ተብሎ ኦስካር ወስዷል። ለእነዚህ ሰዎች በጎን ያለችው ትንሽ በር የሽርሽር ወንበር ማስቀመጫ አይደለችም። የክረምት ልብስ፣ የሥራ መሣሪያ፣ የቤተሰብ ፎቶ ያለባት ጓዳ ናት። ሰውየው ፈረቃ ገብቶ ሲሠራ ቤቱ የሱቅ መኪና ማቆሚያ ላይ ብቻውን ይውላል። የዋሊ ባያም ክብ የለ፣ ጎረቤት የለ። የቀረው በመሳቢያ ቁልፍ የተቆለፈ በር ነው።

ማሻሻያው የመጣው በአመዛኙ ከባለቤቶቹ ነው፤ እዚህ ላይ ነው ሆብስ የሚመለሰው። «ጎበዝ፣ መክፈቻችን አንድ ነው» ብለው እርስ በርስ ሲነጋገሩ፣ ዝም በሉ ሌባ ይሰማል የሚል አልጠፋም። ሌባው ግን ሰምቶ ካደረ ቆይቷል። ነገሩ በአደባባይ ከተወራ በኋላ ነው አንዳንድ ፋብሪካዎች ብዙ ዓይነት መክፈቻ ያላቸውን ቁልፎች ማቅረብ የጀመሩት፤ ባለቤቱም ካቻቢቴና ፒንሳ ይዞ ከኋላ ያለችውን ዳዶ ፈትቶ አሮጌውን በደቂቃዎች ውስጥ የሚተካው።

በምን ይተካው? ብዙዎች የመረጡት ክብ አፍ ያለውንና መክፈቻው እንደ ቱቦ የሆነውን ቁልፍ ነው። ይህ በ1930ዎቹ ቺካጎ ውስጥ የወጣ ነው፤ ሳንቲም በሚበሉ ማሽኖች ላይ ለዓመታት ታምኖበታል። ከዚያ 2004 መጣ። የአሜሪካ ብስክሌተኞች ክሪፕቶናይት የተባለው ውድ የብስክሌት ቁልፍ በቢክ እስክሪብቶ ቀፎ እንደሚከፈት በቪዲዮ አሳዩ። አዎ፣ በቢክ! ኩባንያው በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ቁልፎችን በነፃ ለመቀየር ተገደደ። አርቪው ላይ ያንኑ ዓይነት የገጠመ ሰው ያን ሳምንት እንዴት እንደተኛ እንጃ። ሁሉም ቱቦ መክፈቻ በእስክሪብቶ ይከፈታል ማለት ግን አይደለም፤ ከዚያ በኋላ አጠንክረው የሠሩት አሉ።

ሌላው ጣጣ በሩ ራሱ ነው። የብዙ አርቪዎች በር በቀጭን የአሉሚኒየም ፍሬም ላይ ስስ ላሜራ ወይም ፋይበርግላስ ተለጥፎበት ውስጡ ፎም ነው። የዬልን ምርጥ ልጅ ብትገጥምበት እንኳ ፌሮ የያዘ ሌባ ቁልፉን ትቶ ጠርዙን ይፈለቅቀዋል። ስለዚህ የበሩን ጠርዝ የሚሸፍን ብረት፣ የቁልፉ ምላስ የሚገባበትን ቦታ የሚያጠነክር ላሜራ፣ ረዘም ያለ ብሎን ጨምረህ ነው። ይህ ሁሉ ሆኖ ከውስጥ በአንድ እጅ መከፈት አለበት፤ ጋዝ፣ ኤሌክትሪክና ኮምፔንሳቶ በአንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ ሲገናኙ እሳት ቀልድ አያውቅም። የአሜሪካ የአርቪ የእሳት ደኅንነት ደረጃም ከበሩ ሌላ ሁለተኛ ማምለጫ ይጠይቃል፤ ብዙውን ጊዜ የሚገፋ መስኮት ነው። እሱን በብረት ፍርግርግ እንዝጋው የሚል የአዲስ አበባ መፍትሔ እዚያ አይሠራም።

አሁን ፋሽኑ ቁጥር የሚነካበት የኤሌክትሪክ ቁልፍ ነው። መክፈቻ የለም፣ መጥፋት የለም፣ አራት ወይም ስድስት ቁጥር መትቶ መግባት ነው። ግን ባትሪው በሌሊት፣ በዝናብ፣ ከከተማ ርቆ ያልቃል። አምራቾቹም ይህን ስለሚያውቁ አብዛኛውን ጊዜ ከሥሩ መጠባበቂያ የብረት መክፈቻ የሚገባባት ቀዳዳ ይተዋሉ። ሻጩን መጠየቅ ያለብን ጥያቄም ያው ነው፤ ይህችን መክፈቻ ከእኔ ሌላ ስንት ሰው ይዟታል?