«ረመዛን» ለምን ይላሉ? የኡርዱ ፊደል ታሪክና ለኛ ያለው ትምህርት



የረመዷን ጨረቃ ስትታይ ከፓኪስታንና ከህንድ የሚመጡ መልዕክቶች «ረመዛን ሙባረክ» ይላሉ። ዉዱእን «ዉዙ»፣ ቃዲን ደግሞ «ቃዚ» ይሉታል። ይህን የሰማ ወጣት ተሳስተው የጠሩት ሊመስለው ይችላል። ሲጽፉት ግን እኛ ከቁርኣን እንደምናውቀው በ«ዷድ» ነው የሚጽፉት። ፊደሉን ከዐረብኛ ተቀበሉ፤ ሲያነቡት ግን በራሳቸው አንደበት ነው። በኡርዱ «ዛል»፣ «ዛይ»፣ «ዷድ» እና «ዟ» አራቱም «ዝ» ተብለው ይነበባሉ። «ሣ»፣ «ሲን» እና «ሷድ» ሦስቱም «ስ» ናቸው።

ይህ ለኛ እንግዳ መሆን የለበትም። «ሀ»ን፣ «ሐ»ን እና «ኀ»ን በድምፅ የሚለይ አማርኛ ተናጋሪ የት አለ? «ሰ» እና «ሠ»ስ? የግዕዝን ፊደል ስንቀበል ድምፁ የጠፋውን ሆሄም አብረን አቆይተናል።

ጉዞው የጀመረው ከፋርስ ነው። ፋርሶች እስልምናን ከተቀበሉ በኋላ ቋንቋቸውን በዐረብኛ ፊደል መጻፍ ጀመሩ። ግን 28ቱ ሐርፎች አልበቋቸውም፤ «ፕ»፣ «ች»፣ «ዥ» እና «ግ» የሚሉ ድምፆች ነበሯቸው። መፍትሔያቸው ቀላል ነበር። ከ«ባ» ሥር ሦስት ነጥብ አድርገው «ፔ» አሉት። «ጂም»ን ባለ ሦስት ነጥብ አድርገው «ቼ»፣ «ዛይ»ን ባለ ሦስት ነጥብ አድርገው «ዤ» አወጡ። «ካፍ» ላይ አንድ ሰረዝ ጨምረው «ጋፍ» አደረጉት።

ፊደሉ ከፋርስኛ ጋር ህንድ ሲገባ ሌላ ችግር ገጠመው። የህንድ ቋንቋዎች ምላስን ወደ ላንቃ አጥፎ የሚወጣ «ት»፣ «ድ» እና «ር» አላቸው። ቀድሞ በአራት ነጥብ ይለዩዋቸው ነበር፤ በኋላ «ታ»፣ «ዳል» እና «ራ» ላይ ትንሽ «ጧ» መጻፍ ተለመደ። ከትንፋሽ ጋር ለሚወጡ ድምፆች ደግሞ «ባለ ሁለት ዓይን» የሚሏትን «ሀ» ያስከትላሉ። የኛም አባቶች ከ«ሰ» ላይ «ሸ»ን፣ ከ«ተ» ላይ «ቸ»ን፣ ከ«ጠ» ላይ «ጨ»ን ያወጡት በዚሁ ዘዴ ነው።

ታዲያ ቁርኣን ያኸተመ ልጅ ኡርዱ ለማንበብ ምን ይቸግረዋል? ሁለት ነገር። አንደኛው አጻጻፉ ነው። ቁርኣን የሚጻፈው በአብዛኛው በነስኽ ነው። ኡርዱ የሚጻፈው ግን በ14ኛው ክፍለ ዘመን ፋርስ ውስጥ በተስፋፋው ነስተዕሊቅ ነው። በዚህ አጻጻፍ ቃሉ ከላይ ከቀኝ ተነስቶ ወደ ታች ወደ ግራ ያዘቀዝቃል፤ ሐርፎቹም ይደራረባሉ። ሁለተኛው ፈትሓ፣ ከስራና ዶማ አለመጻፋቸው ነው። «አሊፍ» እና «ሲን» ብቻ ተጽፈው ሲታዩ «ኢስ» ከሆነ «ይህ»፣ «ኡስ» ከሆነ «ያ» ማለት ነው። የሚለየው ዐረፍተ ነገሩ ነው።

ወደ ታሪኩ እንመለስ። በሙጋሎች ዘመን የመንግሥትና የዒልም ቋንቋ ፋርስኛ ነበር። የዴልሂው ዓሊም ሻህ ወሊዩላህ ቁርኣንን ወደ ፋርስኛ የተረጎሙት ለዚህ ነው። ተራው ሕዝብ ግን ፋርስኛ አያውቅም። ልጃቸው ሻህ ዐብዱልቃዲር እ.ኤ.አ. በ1790 ገደማ ቁርኣንን ሕዝቡ በሚናገረው ኡርዱ ተርጉመው ጨረሱ። አባትና ልጅ አንድ ዓላማ ይዘው በሁለት ቋንቋ ሠሩ፤ ሁለቱም አንባቢያቸውን ፈልገው ነው የሄዱት።

እ.ኤ.አ. በ1837 እንግሊዞች ፋርስኛን ከፍርድ ቤት ሲያስወጡ በሰሜን ህንድ ሰፊ ክፍል ቦታውን ኡርዱ ያዘ። ሊቶግራፊ የሚባለው የድንጋይ ማተሚያም የካቲቡን የእጅ ጽሑፍ እንዳለ ያባዛ ስለነበር መጽሐፉ በዛ። ፊደሉን የሚጠቀሙት ሙስሊሞች ብቻ አልነበሩም። እ.ኤ.አ. በ1858 ለክናው ከተማ ማተሚያ ቤት ያቋቋመው ነወል ኪሾር ሂንዱ ሲሆን ቁርኣንና ብዙ የኡርዱ መጻሕፍት አሳትሟል።

ሆኖም ፊደሉ ቀስ በቀስ የጠብ ምክንያት ሆነ። የሰፈር ንግግራቸው አንድ ሆኖ ሳለ አንዱ በዐረብኛ ፊደል ጽፎ ኡርዱ፣ ሌላው በናጋሪ ፊደል ጽፎ ሂንዲ አለው። እ.ኤ.አ. በ1900 እንግሊዛዊው ገዢ ማክዶኔል ናጋሪ በሰሜን ምዕራብ ክፍለ ሀገራት ፍርድ ቤቶች እንዲሠራበት ፈቀደ፤ ሙስሊሞችም ተቃወሙ። ከ1947ቱ ክፍፍል በኋላ ኡርዱ የፓኪስታን ብሔራዊ ቋንቋ ሲሆን፣ ህንድ ሂንዲን በናጋሪ ፊደል የማዕከላዊ መንግሥቷ የሥራ ቋንቋ አደረገች።

ነስተዕሊቅ ለማተሚያ መኪናም አስቸጋሪ ነበር። የፓኪስታን ጋዜጦች ለረጅም ጊዜ በካቲቦች እጅ ይጻፉ ነበር። ይህ መለወጥ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1981 አሕመድ ሚርዛ ጀሚል በሺዎች የሚቆጠሩ የሐርፍ ጥምረቶችን በእጃቸው ጽፈው ለኮምፒዩተር ባዘጋጁበት ጊዜ ነው። በህንድ ቼናይ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1927 የተመሠረተው «ሙሳልማን» ጋዜጣ ግን ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት በእጅ ሲጻፍ ቆይቷል።

ዛሬ ህንድ ውስጥ ኡርዱ እየተናገሩ ፊደሉን የማያነቡ ብዙ ወጣቶች አሉ። ፓኪስታን ውስጥም ብዙ ወጣቶች በስልክ ሲጻጻፉ የላቲን ፊደል ይጠቀማሉ። ቋንቋው አልሞተም። ግን አያት ጽፎ የተወውን ኪታብ የልጅ ልጅ አውጥቶ ማንበብ አልቻለም። ፊደልን አዋጅ ያዳክመው ይሆናል፤ የሚጠፋው ግን ቤት ውስጥ ለልጅ የሚያስተምር ሲታጣ ነው።

ይህ ጉዳይ እኛንም ይመለከታል። የወሎ መሻይኾች የአማርኛ መንዙማቸውን በዐረብኛ ፊደል ጽፈዋል። ሐረሪዎችም ቋንቋቸውን በዚሁ ፊደል ጽፈው አቆይተዋል። ይህን አጻጻፍ ዐጀሚ እንለዋለን። «አሊፍ ባ» የቆጠረ ሰው ሐርፉን ያውቃል፤ የሚጎድለው ልምምድ ነው። በየቤቱና በየመስጂዱ ሣጥን ውስጥ ያለውን ጽሑፍ ነገ ማን ያነበዋል?

ኡርዱ መጀመር ለምትፈልጉ መንገዱ ይህ ነው። መጀመሪያ የተጨመሩትን ሐርፎች ብቻ ለይታችሁ ያዙ። ቀጥሎ የምታውቋቸውን ቃላት አንብቡ፦ ኪታብ፣ ዱንያ፣ መስጂድ፣ ዒልም። አጻጻፋቸው ያው ነው። ከዚያ ሐረካ ያለበት የሕፃናት መጽሐፍ ያዙ፤ የነስተዕሊቅን ጋዜጣ ለመጨረሻ አቆዩት። ዐጀሚ ማንበብ የሚችል ሽማግሌ በአካባቢያችሁ ካለ ደግሞ ከኡርዱ በፊት እሳቸው ዘንድ ሂዱ። ኡርዱን የሚያስተምር ነገም ይገኛል።

ወላሁ አዕለም።