የእጅና እግር መቁረጫ መሣሪያዎች ከነሣጥናቸው
እንግሊዝ፣ 19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ። ብረት፣ ዞጲ፣ ናስ፣ ከፈይ

የዚህን መጋዝና የቢላዎቹን ዘመን ከስለታቸው ይልቅ እጀታቸው ይናገራል። ዞጲው በተሻገሩ ጭረቶች የተፈለፈለው በደም የራሰ እጅ እንዳያዳልጥ ነው፤ ያው ጭረት ግን ደምና መግል ይዞ ያስቀራል፣ የሣጥኑ ከፈይም እንዲሁ። መሣሪያው የተሠራው ይህ ቅሪት ቁስልን እንደሚበክል በሰፊው ከመታወቁ በፊት ነው፤ ቀዶ ሐኪሙ ጆሴፍ ሊስተር ቁስልን በካርቦሊክ አሲድ የማከም ዘዴውን ያሳተመው በ1867 እ.ኤ.አ. ነው። በክፍለ ዘመኑ ማብቂያ መሣሪያን በእንፋሎት ማምከን ሲለመድ፣ እንጨት ተደጋጋሚ እንፋሎትን ስለማይችል እጀታው ሁለመናው ብረት ሆነ። እንዲህ ያለ ውብ ሥራ የሠራው ባለሙያ፣ ውበቱ ራሱ በሽተኛውን ሊገድል እንደሚችል የሚያውቅበት ዕድል አልነበረውም።

የእንጨት እጀታ ከዚያ በኋላም አገልግሏልና ማስረጃ አይሆንም የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ እጀታው የሚመሰክረው ግን መሣሪያው መቼ እንደተሠራ እንጂ እስከ መቼ እንደቆረጠ አይደለም። ብረቱም የራሱ ምስክርነት አለው፤ ያንን አብዝቶ የሚያጠፋው ደግሞ ብረቱን እንደ አዲስ የሚወለውል ሰብሳቢ ነው። ዝገት ብረት ይበላል፣ መገታትም አለበት፤ ነገር ግን ዝገትን መግታትና ብረቱን መፈግፈግ ለየቅል ናቸው። ፍግፈጋው የአምራቹን ማኅተምና በተደጋጋሚ መሳል የተወውን ምልክት አብሮ ይወስዳል፤ የታካሚዎቹ ስም በሌለበት ደግሞ በዚህ መጋዝ ስለተቆረጡት ሰዎች የቀረን ይኸው ምልክት ብቻ ነው።