ጠባቡ ቦታ፦ የአባይ ቀዛፊዎችና ሰባራ ድልድይ

እስቲ የደቡብ ጎንደርን ካርታ አውጡና ጋይንትን፣ ስማዳንና እስቴን ፈልጉ። አባይ እስቴንና ስማዳን ከጎጃም ይለያቸዋል። በሽሎ ደግሞ ታች ጋይንትንና ስማዳን ከወሎ ይለያቸውና ስማዳ ጥግ ላይ ከአባይ ጋር ይገናኛል። እንግዲህ በነዚህ ወንዞች ዳር ሁለት ዓይነት ሰው አለ። አንዱ ወንዙን ተከትሎ ቁልቁል መውረድ ይፈልጋል፤ ሌላው ማዶ መሻገር ብቻ ነው የሚፈልገው። የሁለቱ ታሪክ አንድ ድልድይ ላይ ይገናኛል።

ከቀዛፊዎቹ እንጀምር። አባይ ከጣና ሲወጣ ወደ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ ሱዳን ድንበር ሲደርስ 500 ሜትር አካባቢ ይሆናል። ይህን ሁሉ ቁልቁለት የሚወርደው በዓለት መካከል ስለሆነ ብዙ ቦታ ላይ ውሃው እየተላተመ በአረፋ ነጭ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1903 ማክሚላን የተባለ አሜሪካዊ ሀብታም ሞክሮት ነበር፤ ጀልባዎቹ ብዙም ሳይርቁ ተሰባበሩ። ከ1925 ጀምሮ ዳንግላ የነበረው የእንግሊዝ ቆንስላ ቺዝማን የወንዙን ካርታ ሲሠራ፣ ጀልባውን ትቶ በበቅሎና በእግር ገደሉን ተከትሎ ሄደ።

በ1968 ካፒቴን ብላሽፎርድ ስኔል የመራው የእንግሊዝ ወታደሮችና ሳይንቲስቶች ቡድን የክረምቱ ውሃ ገና ሳይጎድል መጣ። ለአስቸጋሪው ክፍል በአየር የሚሞላ የጎማ ጀልባ ተጠቀመ። ጎማ ዓለት ሲመታው ይጎብጣል እንጂ እንደ እንጨት አይሰበርም፤ ሀሳቡ ይሄ ነው። ጉዞው ግን የሰው ሕይወት አስከፍሏል፤ አንድ የቡድኑ አባል ሰጥሞ ሞተ። በ1972 ደግሞ ማይክ ጆንስና ጓደኞቹ በካያክ፣ ማለትም ለአንድ ሰው በምትሆን ጠባብ ጀልባ፣ ወረዱት።

ወንዙ ጋ መድረሱ ራሱ ሌላ ጉዞ ነው። አሜሪካ ውስጥ አንዳንድ ወንዝ የሚገኘው በግል የእንጨት ኩባንያዎች ደን ውስጥ ታልፎ ነው፤ በሩ ከተዘጋ ቀዘፋ የለም። እኛ ጋ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ገበሬው ደግሞ በይዞታው የመጠቀም መብት አለው። ስለዚህ ወደ ቆላው የሚወርደው የእግር መንገድ በአንዱ የጤፍ ማሳ ጠርዝ፣ በሌላው ባህር ዛፍ ሥር ያልፋል። በር ባይኖረውም ባለቤት አለው፤ «እንዴት ዋላችሁ» ሳይባል አይታለፍም። ደግሞም ያ መንገድ ለቀዛፊ ተብሎ የወጣ አይደለም። ገበያተኛው፣ ለቅሶ ደራሹ፣ ሙሽራ አጃቢው ያወጣው ነው።

ከነዚህ መንገዶች አንዱ የሚያደርሰው ሰባራ ድልድይ ነው። የእስቴን በኩል፣ የአሁኑን አንዳቤት፣ ከጎጃሟ ሞጣ ጋር ያገናኛል። በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን (1632–1667) እንደተሠራ ይነገርለታል። በጣሊያን ወረራ ዘመን መካከሉ ተቆረጠ፤ ስሙም ከዚያ መጣ። ከዚያ በኋላ ለበርካታ አሥርት ዓመታት ሰው የሚሻገረው ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ ወዲህና ወዲያ ማዶ በቆሙ ሰዎች እየተጎተተ ነበር። ከሥሩ አባይ አለ።

ድልድዩ ለምን እዚያ ተሠራ? ወንዙ ጠባብ ስለሆነ ነው፤ የድንጋይ ቅስት ረጅም ርቀት አይዘልም። ጠባብነት ግን ዋጋ አለው። እንዲህ አስቡት፦ በአንድ ቦታ የሚያልፈው ውሃ መጠን ስፋት ሲባዛ በጥልቀት፣ ሲባዛ በፍጥነት ነው። ለምሳሌ 60 ሜትር ስፋት፣ 2 ሜትር ጥልቀት፣ በሰከንድ 1 ሜትር ፍጥነት ቢሆን በሰከንድ 120 ሜትር ኩብ ያልፋል። ያው ውሃ 10 ሜትር ስፋት ውስጥ ሲገባ ወይ ከፍ ማለት ወይ መፍጠን አለበት፤ 4 ሜትር ጥልቀትና በሰከንድ 3 ሜትር ፍጥነት ቢሆን ሒሳቡ ይገጥማል። ቀዛፊን የሚያስፈራውም፣ ድልድይን የሚገፋውም ይኸው ሕግ ነው።

በ1999 በአባይ ወደ ሱዳን ድንበር በጎማ ጀልባ ከተጓዘ ቡድን ጋር ኔቫዳ ዊየር የተባለች ፎቶ አንሺ ነበረች። በገመድ የሚሻገሩትን ሰዎች አነሳች፤ ፎቶው በታኅሣሥ 2000 ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ላይ ወጣ። ኬን ፍራንትዝ የተባለ አሜሪካዊ የግንባታ ባለሙያ በ2001 አየው። ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ የተባለ ድርጅት አቋቁሞ በ2002 የተቆረጠውን ክፍል በብረት አስጠገነ። ቁልቁል የሚወርዱት፣ የሚሻገሩትን ያዩበት ቅጽበት ነበር።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ደስ ይል ነበር፤ ግን ያ ሕግ አለ። በ2005 ክረምት ጎርፉ ጥገናውን ጠርጎ ወሰደው። አሮጌው ድልድይ ዝቅ ያለ ነው፤ በሱ ቁመት የተጠገነ ብረትም እንደዚያው ዝቅ ይላል። በ2009 የተሠራው የእግረኛ ድልድይ በሽቦ ገመድ የተንጠለጠለና ከጎርፉ በላይ ከፍ ያለ ነው። ሽቦ ገመድ ከድንጋይ ቅስት ይልቅ ረጅም ርቀት ስለሚዘል፣ ምሰሶው ውሃ ውስጥ ሳይገባ ከዳር እስከ ዳር መድረስ ይችላል።

ለእናንተ፣ በተለይ ከወንዝ ዳር አገር ላላችሁ፣ አንድ ሥራ ልስጣችሁ። ትልቁ ጎርፍ እስከየት እንደደረሰ ሽማግሌዎችን ጠይቁና ቦታውን በሜትር ለኩ፤ ዓመቱንም ከሚያስታውሱት ነገር ጋር አያይዛችሁ ጻፉ። መለኪያ ጣቢያ በሌለበት ወንዝ ላይ ያ ቁጥር ለቀዛፊውም ለድልድይ ሠሪውም የመጀመሪያው መረጃ ነው። የተሻጋሪው እናት ልጇ ማዶ ደርሶ እስኪመለስ የምትጠብቀውም በዚያው ቁጥር ላይ ነው።