የኮንሶ እርከን

የኮንሶ እርከን በደቡብ ኢትዮጵያ፣ በኮንሶ ኮረብቶች ላይ በድንጋይ ካብ ተደግፎ የተሠራ የእርሻ ማሳ ድርድር ነው። ዝናብ በሚያጥርበትና መሬቱ ተዳፋት በሆነበት በዚህ አካባቢ አፈሩ እንዳይታጠብና እርጥበቱ እንዳይባክን ያደርጋል። ከ400 ዓመት በላይ፣ በ21 ትውልድ ቅብብሎሽ የቆየ ሥራ ሲሆን፣ የኮንሶ ባህላዊ መልክዓ ምድር በ2003 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2011) በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

አሠራር

ካቡ ያለ ጭቃና ያለ ሲሚንቶ፣ የኮረብታውን ወገብ ይዞ ይካባል። ቁመቱ አንዳንድ ቦታ 5 ሜትር ይደርሳል። ከላይ የሚወርደው አፈር ከካቡ ኋላ እየተጠራቀመ ተዳፋቱን ወደ ደልዳላ መደብ ይለውጠዋል። መደቡ ጠባብ ስለሆነ በበሬ አይታረስም፤ በእጅ ይቆፈራል።

የውሃ አያያዝ

ዝናቡ አብዛኛውን ጊዜ በአጭር ሰዓት በኃይል ወርዶ ያባራል። ገበሬው አፈርና የማሽላ አገዳ እየከመረ ማሳውን በትናንሽ ግድቦች ይከፋፍለዋል፤ በየክፍሉ የተኛው ውሃ ቀስ ብሎ ይሰርጋል። በእግር መንገድ ላይ የሚፈሰውንም ጎርፍ ጠልፎ ወደ ማሳው ያስገባል። ውሃው ሲበዛ በማፋሰሻ በኩል ወደ ታችኛው እርከን ይለቀቃል፤ ታምቆ ቢቀር ካቡን ገፍቶ ይንደዋል።

የአፈር ለምነት

ከብቶች በግቢ ታስረው፣ መኖ እየታጨደ ይቀርብላቸዋል። ፍጋቸው ከአመድና ከቤት ጥራጊ ጋር ወደ ማሳ ይጋዛል። ከዋናው ሰብል ከማሽላ ጋር ጥራጥሬ ተሰባጥሮ ይዘራል፤ ጥራጥሬው በሥሩ ላይ ባሉ ባክቴሪያዎች አማካይነት የአየርን ናይትሮጅን ለአፈሩ ጥቅም ያውላል። በማሳው መካከል የሚተከለው የሽፈራው ዛፍ አፈሩን በሥሩ ይይዛል፤ ቅጠሉም በድርቅ ጊዜ ሳይቀር ለምግብ ይውላል። ኩርኩፋ የተባለው የኮንሶ ምግብ ከእህል ዱቄትና ከዚሁ ቅጠል ይዘጋጃል።

ጥገና

እርከን አንዴ ተሠርቶ የሚተው አይደለም። ከላይ አንድ ካብ ሲፈርስ ጎርፉ በዚያው ክፍተት ተሰብስቦ የታችኞቹን ተራ በተራ ይደረምሳል። የአንዱ ቸልታ የጎረቤቱን ማሳ ስለሚጎዳ፣ ዝናብ ሳይገባ ካቡን መጠገን ከባለማሳው አልፎ የአካባቢው ሰው በደቦ የሚሠራው የጋራ ሥራ ነው።