በእንግሊዝኛ ማስረጃዎችና ውሎች ላይ የሚገኙ የግሥ ፓርቲሲፕሎች

ፓርቲሲፕል ከግሥ ተገኝቶ እንደ ቅጽል የሚያገለግል ወይም ከረዳት ግሥ ጋር የሚጣመር የእንግሊዝኛ ቃል ነው። የአሁን ጊዜ የሚባለው በ«ኢንግ» ያበቃል። የኃላፊ ጊዜ የሚባለው በአብዛኛው በ«ኢ» እና «ዲ» ፊደላት ያበቃል፤ ሆኖም እንደ «ሪትን» (የተጻፈ) እና «ጊቭን» (የተሰጠ) ያሉ ከዚህ ደንብ የወጡ ብዙ ቃላት አሉ።

መጠሪያቸው ግን አሳሳች ነው። እንደ ቅጽል ሲያገለግሉ ልዩነታቸው ብዙውን ጊዜ የአድራጊና የተደራጊ እንጂ የጊዜ አይደለም፤ በአማርኛ «ፈጣሪ» እና «ፍጡር» እንደምንለው ማለት ነው። «ኢምፕሎዪንግ ካምፓኒ» ቀጣሪው ድርጅት ሲሆን፣ በቅጽ ላይ «ኢምፕሎይድ» የሚለው አሁን በሥራ ላይ ያለን ሰው ያመለክታል፤ ቀድሞ ተቀጥሮ የነበረን አይደለም። በአንጻሩ «ግራጁዌቲንግ» ገና በመመረቅ ላይ ያለ፣ «ግራጁዌትድ» ምረቃውን ያጠናቀቀ ማለት ነው።

በሥራ ውል ላይ ልዩ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው «ፔይድ» (የተከፈለ፣ የሚከፈል) የሚለው ቃል ነው። «ፔይድ ባይ ዘ ኢምፕሎየር» ከተባለ ወጪውን የሚሸፍነው አሠሪው ነው፤ ከፋዩን የሚነግረን «ባይ» የሚለው ቃል ነው። «ዘ ፊ ሻል ቢ ፔይድ» ተብሎ ሲቆም ግን ክፍያው እንደሚፈጸም እንጂ ማን እንደሚፈጽመው አልተገለጸም። እንዲህ ያለ ዐረፍተ ነገር ያጋጠመው ተዋዋይ ከመፈረሙ በፊት የከፋዩ ማንነት በጽሑፍ እንዲገባ መጠየቅ ይኖርበታል። የቃል ማብራሪያ በውሉ ላይ አይታይም።

የጋብቻ ሁኔታን የሚገልጹት «ማሪድ» (ያገባ)፣ «ዳይቮርስድ» (የተፋታ) እና «ዊዶውድ» (የትዳር ጓደኛው የሞተበት) ሁሉም የኃላፊ ፓርቲሲፕሎች ናቸው። ከእነዚህ ጋር የሚገኘው «ሴፓሬትድ» ብዙዎችን ያደናግራል፤ ተለያይተው የሚኖሩ፣ ጋብቻቸው ግን በሕግ ያልፈረሰ ባልና ሚስትን ስለሚመለከት በ«ዳይቮርስድ» ምትክ ሊሞላ አይችልም።

የሥራ ልምድ ማስረጃም ተመሳሳይ ችግር ይታይበታል። «ሃዝ ቢን ዎርኪንግ» የሚለው አገላለጽ ሠራተኛው አሁንም በሥራ ላይ እንዳለ ያስረዳል። ሥራ ለለቀቀ ሰው የሚስማማው «ዎርክድ» ሲሆን፣ የተጀመረበትና የተጠናቀቀበት ቀን አብሮ ይጻፋል። (ይህ «ዎርክድ» በመልኩ ፓርቲሲፕሉን ቢመስልም ተራ የኃላፊ ግሥ ነው፤ ልዩነቱ እንደ «ሮት» እና «ሪትን» ባሉት ላይ ጎልቶ ይታያል።) ስህተቱ ከተገኘ ስርዝ ድልዝ ያለበት ደብዳቤ ጥርጣሬ ስለሚያስነሳ፣ ባለጉዳዩ በእጁ ከማረም ይልቅ ማስረጃውን ከሰጠው መሥሪያ ቤት አዲስ ደብዳቤ ቢያጽፍ ይመረጣል።