የአማቴ እንሶስላ

በነሐሴው ስብሰባችን ከቢሮው ጀርባ ያለችው ቁራሽ መሬት ምን ይተከልባት የሚለው ነገር ሳይቋጭ መቅረቱ ይታወሳል። ነጭ ሽንኩርት ያለ ነበር፤ ጎመንና ቆስጣ ያለ ነበር፤ የባሕር ዛፍ ችግኝ አፍልተን እንሽጥ ያለም ነበር። እኔ አንድ ጥግ ለአበባ ይተው ብዬ ሐሳብ ባቀርብ ሳቅ ሆነ። ከሞጣ የመጣች አንዲት እህታችን፣ «እትዬ፣ አበባ እኮ አይበላም!» አለችኝ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን ነገሩ አልተወኝም። ጡረታ የወጣሁ መምህርት ነኝ፤ ጊዜ አለኝ። የደጃችን አበቦች ከየት እንደመጡና በማን እጅ እንደቆዩ ያነበብሁትንም የማውቀውንም አንድ ላይ አድርጌ ልጻፈው አልሁ።

መጀመሪያ ስለ ወቅቱ። በቀዝቃዛው አገር መስከረምና ጥቅምት ቅጠል የሚረግፍበት፣ አትክልተኛውም መሣሪያውን አጥቦ የሚያስቀምጥበት ጊዜ ነው። የእኛ መፀው ተቃራኒው ነው። ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 የሚቆየው ይህ ወቅት የሚጀምረው በአበባ ነው፤ ቤተ ክርስቲያንም ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያሉትን 40 ቀናት ዘመነ ጽጌ ብላ ሰይማቸዋለች። አበባን በቀን መቁጠሪያው ውስጥ ያስገባ አገር ሰው አበባ አይበላም ብሎ መሳቁ ትንሽ ይገርማል።

ወደ ቤታችን የሚገባው የመጀመሪያው አበባ በድስት የተተከለ አይደለም። ልጅ ሆነን በአዲስ ዓመት ዋዜማ ከእኩዮቻችን ጋር ወደ መስኩ ወርደን እንግጫ እንነቅል ነበር። እንግጫ ለስላሳ ሣር ነው፤ ነጩ የሥሩ ጫፍ ሳይበጠስ መውጣት አለበት። ማታ እየዘፈንን ጎንጉነን፣ አደይ አበባ ሰክተንበት፣ ጧት በእናት በአባታችን ራስ ላይ እናኖርና የቀረውን ከቤቱ ምሰሶ ላይ እናስረዋለን። እስከ መስቀል ምሰሶው ላይ ይደርቃል። ለእኔ የቤት ውስጥ አበባ ማለት እስከ ዛሬ ይህ ነው። የሴት ልጆች ሥራ ነበር፤ ወንዶቹ ችቦ አላቸው።

አደይ ስንል ደግሞ አንድ ተክል ብቻ አይምሰላችሁ። የሥነ ዕፅዋት ሊቁ መስፍን ታደሰ እ.ኤ.አ. በ1984 በታተመው ጥናታቸው ቢደንስ የሚባለውን ወገን በአካባቢያችን አገሮች ሁሉ መርምረው ዝርያዎቹን ለይተዋል፤ ሰዉ በየቦታው አደይ የሚላቸውም ከአንድ በላይ ናቸው። ክረምቱን በዝናቡ ያድጋል፣ በመስከረም ያብባል፣ ከጥቅምት በኋላ ፍሬው ልብስ ላይ እየተጣበቀ ይበተናል። ጤፍ መሐል ከበቀለ አራሚ ይነቅለዋል፤ አረም ነውና። ስለዚህ የሚተርፈው በድንበርና በመስክ ዳር ነው። ድንበሩ እየታረሰ፣ መስኩ እየጠበበ ሲሄድ አደይም ይጠብባል። እኛ ብሸና ዙሪያ ልጆች ሆነን የነቀልንበት መስክ ዛሬ ግማሹ ቤት ነው።

ከአደይ ቀጥሎ ኑጉ ነው። ጥቅምት ላይ ከብሸና ወደ ደብረ ወርቅ በሚወስደው መንገድ የተጓዘች ሁሉ ያን ቢጫ ታውቀዋለች። ስለ ኑግ የማነሣው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው። የሳይንስ ስሙ ጉይዞቲያ አቢሲኒካ ይባላል። ጊዞ የፈረንሳይ ፖለቲከኛና የታሪክ ጸሐፊ ነበር፤ አንድ ፈረንሳዊ ዕፅዋት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1829 ስሙን ለወገኑ ሰጠለት። ኑግ ዘርታ፣ አጭዳ፣ ወቅጣ፣ ዘይት ያወጣችው ሴት ስም የትም የለም። በዚህ አልተናደድሁም ብል ውሸት ነው።

አሁን ወደ እንሶስላ ልምጣ፤ ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በእርሱ ምክንያት ነውና።

በ1976 ዓ.ም. ብሸና ተድሬ ስመጣ የአማቴ ጓሮ ከታች በኩል እርጥብ ነበር። ከጥጉ ቀጋ አጥር ሆኖ ቆሟል፤ ቀጋ ያው እሾሃሙ፣ ነጭ አበባ የሚያወጣው፣ ፍሬውን ልጆች የሚለቅሙት የዱር ጽጌረዳ ነው። ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪካ በተፈጥሮ የሚበቅል ጽጌረዳ እርሱ ብቻ መሆኑን ያወቅሁት ካነበብሁ በኋላ ነው። ከቀጋው ጥላ ሥር እንሶስላ ነበር፤ ጉርሽጥ የምትሉትም አላችሁ። ወፍራም ውኃ የቋጠረ ግንድ፣ ሰፊ ቅጠል፣ መሐሉ ወይን ጠጅ የሆነ ትልቅ ነጭ አበባ። ቀን ብዙም አይሸትም። ሲመሽ ግን ሽታው ጓሮውን ይሞላዋል፤ ቀሳሚው የሌሊት የእሳት ራት ስለሆነ ነው ይላሉ። በበጋ ግንዱ ይወድቃል፤ ሥሩ ግን ከመሬት በታች እንደ ድንች አርፎ ዝናብ ይጠብቃል።

ሥሩ ነው ዋናው። ይታጠባል፣ ይላጣል፣ ይወቀጣል፤ ከዚያ መዳፍና ጥፍር ላይ፣ እግር ላይ ይደረግና በጨርቅ ተጠቅልሎ ይታደራል። ጧት ሲፈታ እጅ ቀልቷል። እንሶስላ ሞቀች የምንለው ይህን ነው። ሙሽራ ትሞቃለች፣ ሚዜ ትሞቃለች፣ ለበዓል ልጃገረድ ትሞቃለች። አማቴ ለጎረቤት ሁሉ ሥር ይሰጡ ነበር፤ ሲሰጡም ትንሿን መልሰው ይተክሏታል እንጂ ባዶ ጉድጓድ አይተዉም።

እኔና ባለቤቴ በ1981 ዓ.ም. ያችን እርጥብ ቦታ ባሕር ዛፍ ተከልንባት። ገንዘብ ያስፈልገን ነበር፤ ባሕር ዛፍ ቶሎ ይደርሳል። ከአውስትራሊያ መጥቶ በዐፄ ምኒልክ ዘመን የአዲስ አበባን የማገዶ ችግር ያቃለለ ዛፍ ነው፤ ክፉ ነው አልልም፤ የልጆቼን ደብተር የገዛው እርሱ ነው። ግን ውኃውን ጠጣው። በጥቂት ዓመት ውስጥ እርጥቡ ደረቀ፤ እንሶስላው አንድ ክረምት ቀጭኖ ወጣ፤ በሚቀጥለው አልወጣም። አማቴ አንድ ቃል አልተናገሩም። ባይናገሩም ሲመሽ ወደ ጓሮ መውጣት ተዉ።

ልጄን በ2003 ዓ.ም. ስድር ከገበያ የፋብሪካ ሂና ገዛሁ። ሙሽራዋ እጇን ለአያቷ ልታሳይ ሄደች። አማቴ መዳፏን ይዘው ገለበጡት፣ አሸተቱት፣ «ቀለሙስ ቀልቷል» አሉና ለቀቋት። ሌላ ምንም አላሉም። እኔ በር ላይ ቆሜ ነበር።

በዚያው ዓመት ለሌላ ጉዳይ ሞጣ ስሄድ የዘመድ ዘመድ የሆኑ አንዲት እማሆይ ጓሮ ውስጥ አየሁት። ጥቅምት ነበር፣ አብቧል። ሥር እንዲሸጡልኝ ለመንኋቸው። «እኔ አልሸጥም፤ በጥር ነይና ውሰጂ። ከእኔ ሲጠፋ ካንቺ እወስዳለሁ» አሉኝ። በጥር ተመልሼ ሄድሁ፤ ሦስት ሥር በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ጠቅልለው ሰጡኝ። ባሕር ዛፉን አስቆርጠን፣ የዕቃ ማጠቢያው ውኃ በሚወርድበት ጥግ ተከልሁት። የመጀመሪያው አበባ የወጣ ማታ አማቴ ደጅ ተቀምጠው ነበር። «ከየት አመጣሽው?» አሉኝ። ነገርኋቸው። ከዚያ በኋላ ሦስት መፀው አየን፣ ከዚያ አረፉ።

ይህ ተክል በሳይንስ ኢምፓሸንስ ቲንክቶሪያ ይባላል። የመጀመሪያው ቃል ትዕግሥት የለሽ ማለት ነው፤ የበሰለው ፍሬ ሲነኩት ስለሚፈነዳ ነው። አማቴን የሚመስል ስም አይደለም። ሁለተኛው ማቅለሚያ ማለት ነው። ስሙን ያወጣው አሺል ሪሻር የሚባል ፈረንሳዊ ሲሆን ኢትዮጵያን አልረገጠም። የእኛን ዕፅዋት የጻፈበት መጽሐፍ እ.ኤ.አ. ከ1840ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ፓሪስ ታተመ፤ በብዛት የተመሠረተው ካርቲን ዲዮንና ፔቲ የሚባሉ ሁለት ወጣት ተመራማሪዎች በሰበሰቡት ላይ ነው። ሁለቱም አገራቸው አልተመለሱም። አንዱን ወባ መሳይ ትኩሳት ገደለው፤ ፔቲን እ.ኤ.አ. በ1843 ዓባይን ሲሻገር አዞ በላው። የደረቁት ቅጠሎቻቸው ግን ፓሪስ ደረሱ። ነፍስ ይማር፤ ሥራቸው ከባድ ነበር። ሆኖም እጇን አቅልማ ያሳየቻቸው ሴት ባትኖር «ማቅለሚያ» የሚለውን ስም ከየት ያመጡት ነበር?

ዛሬ እንሶስላን እንግሊዝ አገር አትክልተኞች ገዝተው ይተክሉታል፤ በክረምታቸው ብርድ ሥሩ እንዳይሞት በገለባ ይሸፍኑታል አሉ። ከአገራችን ደጋ የሄደ ሌላም አለ፤ ነጭ፣ መሐሉ ጥቁር ወይን ጠጅ፣ አንገቱን የደፋ፣ ሽታው ደስ የሚል አበባ፣ ግላዲዮለስ ሙሪዬሌ የሚሉት። በአውሮፓ በበጋቸው መጨረሻና በመፀው ስለሚያብብ በጣም ይወደዳል። ሙሪዬል እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ ምዕራብ ኢትዮጵያ የነበረ የእንግሊዝ ቆንስል ሚስት ነበረች። ይኸው፣ የሴት ስም የተሰጠው አበባ ቢገኝ የቆንስሉ ባለቤት ሆነች።

ወደ ቤት ውስጥ ስንገባ ታሪኩ ይገለበጣል። እኛ ጋ በዘይት ቆርቆሮና በወተት ጣሳ ተተክሎ በረንዳ የሚሞላው ጄራኒየም ከደቡብ አፍሪካ ወጥቶ አውሮፓን አዳርሶ የመጣ ነው። ሰነፍ ሴት የምታሳድገው አበባ ነው፤ ቅርንጫፍ ሰብራችሁ ብትሰኩት ይበቅላል፤ ውኃ ከበዛበት ብቻ ይበሰብሳል። መስኮት ላይ የምናስቀምጠው ቅጠሉ ፀጉራም የሆነው የአፍሪካ ቫዮሌት ከታንዛኒያ የኡሳምባራ ተራሮች ነው፤ አንድ ጀርመናዊ ሹም በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አገሩ ልኮት ነው ዓለምን የሞላው። ቅጠሉ ላይ ውኃ አታፍስሱበት፣ ይነጠብጠዋል፤ ከሥሩ አጠጡት። በውኃ መውረጃ ዳር የሚተከለው ትልቁ ነጭ ካላ ደግሞ በሳይንስ ስሙ «ኢትዮጵያዊት» ይባላል፤ ግን የእኛ አይደለም። እሱም ከደቡብ አፍሪካ ነው። ስሙ በወጣበት በ18ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓውያን ለብዙው የአፍሪካ ክፍል ኢትዮጵያ ይሉ ነበር። ስማችንን የያዘው አበባ የሌላ አገር፣ የእኛው አበባ የሌላ ሰው ስም!

ነገሩ ጨርሶ አልከፋም። እ.ኤ.አ. በ1980 የተጀመረውና በ2009 የተጠናቀቀው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መጽሐፍ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእኛዎቹ ሊቃውንት ከኡፕሳላዎቹ ጋር ሆነው ያዘጋጁት ነው፤ ከአዘጋጆቹ መካከል ኢንጋ ሄድበርግና ሱ ኤድዋርድስ የሚባሉ ሁለት ሴቶች ነበሩ፤ ብዙ ዝርያዎችም በአማርኛ ስማቸው ጭምር ተመዝግበውበታል። መጽሐፍ ግን ስም ይይዛል እንጂ ሥር አይይዝም። ሥር የሚይዘው ጓሮ ነው። የእኔ ጓሮ ባዶ ሲሆን ሞጣ ባይኖር ኖሮ በዘመዶቼ መካከል እንሶስላ የሚባል ነገር በቃል ብቻ ይቀር ነበር።

ስለዚህ ለዚያች እህቴ መልሴ ይህ ነው። አበባ አይበላም፣ እውነት ነው። ሙሉ መሬቷንም አልጠየቅሁም፤ ጎመኑም ሽንኩርቱም ይተከል፤ የሚሸጥ ነገር እንደሚያስፈልገን የሒሳብ ሪፖርቱን አይቻለሁ። የምጠይቀው የቧንቧው ውኃ የሚንጠባጠብበትን፣ ጎመን የሚበሰብስበትን፣ ሦስት ክንድ የማይሞላውን ጥግ ነው። እዚያ ባሕር ዛፍ አይተከል፣ ይህን ብቻ አጥብቄ እናገራለሁ። እንሶስላ ይተከል፤ ዳሩ ላይ ቀጋ ይቁም፤ ከብሸናም ከሞጣም ልጅ የምትድር አባል መጥታ ትቆፍር፤ ስትቆፍርም ትንሿን መልሳ ትትከል።

የእኔው አሁን አብቧል፤ ማታ ማታ ለማየት የምትፈልግ ትምጣ፣ ቡና አለ። ግንዱ በታኅሣሥ ይወድቃል። በጥር ስከፍለው አሥራ ሁለት ያህል ሥር ይወጣዋል ብዬ እገምታለሁ። ሦስቱ የእማሆይ ናቸው፤ ባለፈው ዓመት ጎርፍ ጓሯቸውን ጠርጎባቸዋል፣ ልኬላቸዋለሁ። የቀረውን በአሸዋ ሸፍኜ በአሮጌ ገንቦ እስከ ግንቦት አቆየዋለሁ። ስብሰባው ከዚያ በፊት ይወስን።