የንግድ አብራሪነት ሥልጠና ወጪና የቤተሰብ ገቢ፦ ለላሊበላና ለላስታ ነዋሪዎች የቀረበ መረጃ

በንግድ አብራሪነት ለመሠልጠን የሚያስብ አመልካች ስለ ደመወዝ ከመጠየቁ አስቀድሞ ሁለት ጉዳዮችን ሊያጣራ ይገባል፤ እነርሱም የሥልጠናውን ወጪ የሚሸፍነው ማን እንደሆነና ፈቃድ ከተገኘበት ቀን አንሥቶ እስከ ቅጥር ያለው ጊዜ በምን ገቢ እንደሚታለፍ ናቸው።

የመጀመሪያው አማራጭ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በሚያወጣው ማስታወቂያ ተወዳድሮ በአየር መንገዱ ወጪ መሠልጠን ነው። በዚህ መንገድ የሚገባ ሠልጣኝ የአገልግሎት ግዴታ ውል ይፈርማል፤ ዋስም ሊጠየቅ ይችላል። ሠልጣኙም ዋሱም ከመፈረማቸው በፊት ውሉ ቢፈርስ የሚከፈለውን ገንዘብ ለይተው ማወቅ አለባቸው። ውድድሩ ብርቱ ቢሆንም፣ ተቀማጭ ገንዘብ ለሌለው ቤተሰብ የሚሻለው ይኸው አማራጭ ነው።

ሁለተኛው በግል ወጪ መሠልጠን ነው። ወጪው በአሥር ሺሕዎች የሚቆጠር የአሜሪካ ዶላር ይደርሳል። የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የዶላር ዋጋ በብር ከእጥፍ በላይ ስለጨመረ፣ ከዚያ በፊት የተሰላ በጀት ዛሬ አያገለግልም።

ፈቃድ ማግኘት ብቻውን ሥራ አያስገኝም። በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት መስፈርት የንግድ አብራሪ ፈቃድ ጠያቂ ቢያንስ 18 ዓመት የሞላውና 200 የበረራ ሰዓት ያለው መሆን ሲገባው፣ በጸደቀ ተከታታይ ሥልጠና ላለፈ ሰው ግን 150 ሰዓት ይበቃል። የአየር መንገድ ትራንስፖርት አብራሪ ፈቃድ 1,500 ሰዓት ይጠይቃል። በተጨማሪም ላሊበላ የሚያርፈውን ኪው 400 አውሮፕላን ለማብረር በዚያ ዓይነት አውሮፕላን ላይ የተለየ ሥልጠና ማለፍ ያስፈልጋል፤ በግል የሠለጠነ ሰው ይህንንም ወጪ ከወዲሁ ሊያስብበት ይገባል።

ለላሊበላ ነዋሪ ልዩ ትኩረት የሚያሻው ጉዳይ አለ። የአስጎብኚው፣ የሆቴል ባለቤቱና የበቅሎ አከራዩ ገቢ ከጎብኚ ጋር የተያያዘ ነው። በ2012 ዓ.ም. ኮቪድ 19 በረራዎችን ሲያስቆም የከተማዋ የጎብኚ ገቢ ተቋረጠ፤ በዚያው ወቅት በዓለም ዙሪያ በርካታ አየር መንገዶች ቅጥር አቁመዋል፣ አብራሪዎችንም አሰናብተዋል። ይህም የወላጅ ገቢና የልጅ የሥራ ዕድል በአንድ ምክንያት፣ በአንድ ጊዜ ሊታጡ እንደሚችሉ ያሳያል። ስለሆነም ብቸኛ መኖሪያ ቤትን በዋስትና አስይዞ ወይም የእርሻ በሬ ሸጦ በግል መሠልጠን አይመከርም። በእርሻና በበግ እርባታ የሚተዳደር የላስታ ቤተሰብ ገቢው ከጎብኚ ጋር ባይያያዝም፣ ለዚህ ሥልጠና የሚበቃ ጥሬ ገንዘብ በእጁ አይገኝም።

ማንኛውም ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት የአንደኛ ደረጃ የጤና ምርመራ ማድረግ ተገቢ ነው። የጤና ምስክር ወረቀቱ በየጊዜው የሚታደስ ሲሆን፣ ያላገኘ ወይም የተነፈገ ሰው በንግድ አብራሪነት ሊሠራ አይችልም። በምርመራው ያላለፈ አመልካች የአውሮፕላን ጥገና ሙያን ሊመለከት ይችላል።

የማሠልጠኛ ተቋሙ ሕጋዊ ዕውቅና ያለው መሆኑን ከኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ማረጋገጥ የአመልካቹ ኃላፊነት ነው። ቅጥር እናስገኛለን ለሚሉ ደላሎች ክፍያ መፈጸም አይገባም።